ከጎንህ ማን ይቀመጣል

አንድ ሰው ነበረ። የመኪናውን ሞተር ምንም ላልጠየቀው መካኒክ ሰጠ፤ በሰባተኛው ሳምንት ወንድሙን ቀበረ።

አንተ የጠየቅኸኝ ሌላ ነው። «በሥራ ቀን የምሠራበትን፣ በበዓል ቀን የምወዳደርበትን መኪና ሞተሩን ለማን ልስጥ? ጎበዙ ማን ነው?» ነው ያልኸኝ። የሰው ስም ፈልገህ መጥተሃል። ስም ከመስጠቴ በፊት ይህን ስማ።

ሰውዬው ያደገው ጠያቂ በበዛበት ዘመን ነው። ያኔ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ይመጣል፤ ደጅ ቆሞ «እዚህ ቤት ማን ያድራል?» ይላል፤ በሳምንቱ ከዚያ ቤት አንድ ሰው ይጎድላል። ሰውዬው አሥራ አንድ ዓመቱ ሳለ እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ከሰዓት በኋላ ደጃቸው ላይ ቆሙ። አንደኛው ጎንበስ አለና በለሰለሰ ድምፅ «የኔ ጎበዝ፣ አባትህ የት ነው?» አለው። እናቱ ከጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። አየችው፤ ድምፅ ግን አልወጣላትም። ልጁ ውሸት አልለመደም። «ከጋጣው ኋላ» አለ። ጠያቂው መልሱን በደብተሩ ላይ ጻፈው። ለምን እንደ ጻፈው ልጁ አድጎም አልገባውም፤ ጋጣው እኮ ከደጁ አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር።

አባትየው አልተመለሰም። እናትየው የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ወንድ ልጅ ወለደችና ምትኩ አለችው። ስለ ጋጣው ለትልቁ ልጇ አንድ ቃል ተናግራው አታውቅም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ዝም ስትለው እሱም ዝም አለ፤ በልቡ ግን አንድ ነገር ያዘ። የሚጠይቅ ሰው የሚወስድ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ በዚህ ኖረ። ወዴት እንደሚሄድ ለጎረቤት አይናገርም። ሐኪም «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ሲለው «ሐኪሙ አንተ አይደለህ እንዴ?» ይላል። ምትኩ ደግሞ የሱ ተቃራኒ ወጣ፤ አፉ አይዘጋም። በወንድሙ ይቀልድበት ነበር።

«የሰርግህ ዕለት ቄሱ ‹ስምህ ማን ነው?› ቢሉህ ‹ማን ላከዎት?› ነው የምትላቸው» ይለዋል።

ሰውዬው ይስቃል። የሚስቀው ለምትኩ ብቻ ነበር።

ያለችው መኪና አንዲት ናት። በሥራ ቀን ከደጋው ከተማ ወደ ቆላው ከተማ ሰው ያመላልስባታል። መንገዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁልቁለት ነው፤ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በአንድ በኩል ገደል። ሐሙስ የቆላው ገበያ ነው፤ የዚያን ዕለት ምትኩ የልባሽ ጨርቅ ቦንዳውን ከኋላ ጭኖ ከወንድሙ ጎን ይቀመጣል። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ደግሞ ከደጋው ከተማ ውጭ ባለው በተተወው የአውሮፕላን ማረፊያ የመኪና እሽቅድምድም ይደረጋል። ሰውዬው እዚያ ሌላ ሰው ነው። የራስ ቁሩን ሲያጠልቅ የሚያናግረው የለም፤ መሪና መንገድ ብቻ። ሁለት ጊዜ ሦስተኛ ወጣ። ጉልበት ያነሰው እሱ ሳይሆን ሞተሩ እንደ ሆነ ተረዳ። ሞተሩን አውርዶ ጉልበት የሚጨምርለት ሰው ፈለገ።

በከተማው ለዚህ ሥራ የሚጠሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ሽማግሌ ናቸው። ወንድማማቾቹ አብረው ወደ እሳቸው ሄዱ። ሰውዬው የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ለእሽቅድምድም የሚሆን ሞተር እፈልጋለሁ» አለ።

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ከዚህ በፊት ማን አወረደው?»

«ሰው።»

«ፈልቶ ያውቃል?»

«አላስታውስም።» ያስታውሳል፤ ሁለት ጊዜ ፈልቷል።

«በሳምንት ስንት ቀን ቁልቁለቱን ትወርዳለህ?»

«እንደ ሥራው ነው።»

«ሰው ሞልተህ? ፍሬንህስ እንዴት ነው?»

«ጋሼ፣ እኔ ያመጣሁልዎት ሞተር ነው። ፍሬንን ማን አነሣው?»

«እኔ አነሣሁት» አሉ ሽማግሌው፤ አልተቆጡም። «ፈረስ የሚያደልብ ሰው ልጓሙን አያይም?»

ምትኩ ሳቀ። ሽማግሌውም ፈገግ አሉ፤ መሳቢያውን ሳቡና ደብተር አወጡ። ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አነሡ። «በል አንድ በአንድ እንሂድ» ብለው ጎንበስ አሉ። «ከጎንህ ማን ይቀመጣል?»

ሰውዬው ደብተሩን አየ። እርሳሱን አየ። የሽማግሌው ድምፅ ለስላሳ ነበር፤ ይህ ደግሞ ባሰበት።

ምትኩ አፉን ከፈተ። «ከጎኑማ ሐሙስ ሐሙስ—» ሲል ሰውዬው ክንዱን ጨመደደው። ምትኩ አመመውና ዝም አለ። ሰውዬው ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

«ሌላ ቀን እንመጣለን» አለ።

ሽማግሌው እርሳሱን አስቀመጡ። «ልጄ፣ የምጽፈው እንዳልረሳው ነው» አሉ። ሰውዬው አልሰማቸውም፤ ወይም ሰምቶ አላመናቸውም።

ውጭ ሲወጡ ምትኩ ክንዱን እያሸ ነበር። «ምን ነካህ? የምቀመጠው እኔ ነኝ ብላቸው ምን ይወስዱብኛል?»

«ግባ።»

«እኔስ ሽማግሌውን ወድጃቸዋለሁ። ቢያንስ ይጨነቃሉ።»

«ግባ አልሁህ።»

«እሺ ጓድ!» አለ ምትኩ፤ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጥቶ ገባ። በዚያ ቃል የሚቀልደው ዘመኑን ስላላየው ነው። ሰውዬው በዚያ ቀን አልሳቀም።

ሁለተኛው መካኒክ ወጣት ነው። ግድግዳው ላይ ዋንጫ ደርድሯል፤ ዋንጫዎቹም እውነተኛ ናቸው። የሠራቸው ሞተሮች ያሸንፋሉ። እጁ ንጹሕ ነው፤ ርካሽ ዕቃ አያስገባም፤ ቀጠሮ አያፈርስም። ይህን የምነግርህ ሌባ ነበር ብለህ እንዳታስብ ነው።

«ቁልፉን ወርውርልኝ» አለው፤ «በሦስት ሳምንት ና። ከዚያ ወዲያ የመኪናህን ፊት የሚያይ ተወዳዳሪ አይኖርም፤ ሁሉም የሚያየው ጅራቱን ነው።»

ሌላ ምንም አላለም። ሰውዬው ትከሻው ቀለለው። የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም አለ በልቡ፤ ቁልፉንም ወረወረለት።

ወጣቱ ቃሉን ጠበቀ። ፒስተኖቹን ለወጠ፣ የሞተሩን ክዳን ቴስታታውን አስተካከለ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ አውጥቶ ለእሽቅድምድም የተሠራ ዘንግ አስገባ። እንዲህ ያለው ዘንግ ሞተሩ ሲጮኽ ትልቅ ጉልበት ይሰጣል። የሞተሩ ዙር ሲወርድ ግን ሞተሩ አየር የሚስብበት ኃይል ይደክማል። ፍሬን ስትረግጥ እግርህን የሚያግዝህ ደግሞ ያ ስበት ነው። ውድድር ሜዳ ላይ ይህ አይታወቅም፤ መሬቱ ሜዳ ነው፣ ሞተሩ ከዙሩ አይወርድም፣ ነጂውም ብቻውን ነው። ወጣቱ የሠራው ለዚያ ነው። ስለ ቁልቁለቱ ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም።

በሚቀጥለው ውድድር ሰውዬው አንደኛ ወጣ። ምትኩ አጥር ዘሎ ሜዳ ገባ። ጥበቃው በዱላ ሲያባርረው «የእናቴ ልጅ ነው! እመነኝ፣ የእናቴ ልጅ ነው!» እያለ ይሮጥ ነበር። ከሱ በፊትም ከሱ በኋላም በዚያ ቤት እንደዚያ የተደሰተ ሰው የለም።

ከዚያ የሥራ ቀን መጣ። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች። ቁልቁለቱ ላይ የፍሬኑ ፔዳል ጠጠር ይላል። ሰውዬው ልብ ብሎታል። ምትኩም ልብ ብሎታል።

«ፍሬኑን እንደ እባብ ነው የምትረግጠው» አለው፤ «ምን ሆኗል?»

«አዲስ ሥራ ነው። ይለምዳል።»

«ለምን የሠራልህን ልጅ አትጠይቀውም?»

ሰውዬው አልመለሰም። መልስ የማይሰጥ ሰው ቀስ በቀስ መጠየቅም ይጠፋበታል። ሁለት ሐሙስ እንዲህ አለፈ።

በሦስተኛው ሐሙስ ጠዋት ቁልቁለቱ መሐል ላይ አንድ የጫነ ተሳቢ ከፊታቸው ገባ። መቅደሚያ የለም። ሰውዬው ፍሪሲዮኑን ረግጦ፣ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ እያደረገ ተከተለው። ሞተሩ ዙሩ ወርዶ ይንቀጠቀጣል። በነካው ቁጥር ፔዳሉ ይጠነክራል። ምትኩ ስለ አንዲት ደንበኛው ያወራ ነበር።

«ሱሪውን ሦስት ጊዜ መለሰችው። ጠበበው፣ ሰፋው፣ አጠረው። በመጨረሻ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ሱሪውስ ይሁን፤ ባሌን ቀይርልኝ›—»

ተሳቢው ቆመ። ለምን እንደ ቆመ አልታወቀም። ሰውዬው በሁለት እግሩ ረገጠ። ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው። አስቦ አይደለም፤ እጅ ባለቤቱን ነው የሚያድነው። የተሳቢው የኋላ ጠርዝ የገባው በቀኙ በር በኩል ነው።

ለቅሶ ቤት ወጣቱ መካኒክ መጣ። ሰው ፊት አልገባም፤ ከድንኳኑ ውጭ ሰውዬውን አስጠራው።

«ቁልቁለት እንደምትወርድባት መቼ ነገርኸኝ?» አለው።

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

ተያዩ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ እውነታቸው ግን የሞተውን አላስነሣም። ወጣቱ ሄደ።

ሽማግሌውም መጡ። ገብተው ከሰውዬው አጠገብ ተቀመጡ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናህ» እያለ ያልፋል፤ እንዴት ሆነ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ የሸሸውን ነገር ያን ጊዜ ተመኘው፤ አንድ ሰው እንዲጠይቀው ፈለገ። ሽማግሌውን ትክ ብሎ አያቸው። እሳቸው ዝም አሉ፤ ለቅሶ ቤት ምርመራ የለም።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ «ከጎኔ የሚቀመጠው እሱ ነበር።»

ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አኖሩ። እናትየው ከወዲያ በኩል ሆና ሰማች። አሁንም አንድ ቃል አልተናገረችም።

እንግዲህ አንተ ልጅ፣ ወደ አንተ ልመለስ። ጎበዙ ማን ነው ብለህ ጠይቀኸኛል። ሁለቱም ጎበዞች ነበሩ። ዋንጫ ቆጥረህ አትምረጥ። ሞተር የሚሠራልህ ሰው እንደ ወጌሻ ነው። ደህናው ወጌሻ የት ወደቅህ፣ በየት በኩል፣ እዚህ ነው ወይስ እዚህ እያለ ይዳስስሃል፤ ያስጮህሃልም። ሳይዳስስ የሚያስርልህ ወጌሻ አያሳምምህም፤ አጥንትህ ግን ጠማማ ሆኖ ይገጥማል። ስለዚህ ሰኞ የት ትሄዳለህ፣ ምን ትጭናለህ፣ ፍሬንህ፣ ጎማህ፣ ራዲያተርህ እንዴት ነው ብሎ ለሚያሰለችህ ሰው ቁልፍህን ስጠው። ሲጠይቅህም ገበያ እንደ ወጣ ሰው የልብህን አትደብቀው። መኪናህ ሁለት ኑሮ ነው ያላት። አንዱን ብቻ የሰማ ሰው የሚሠራልህ ለአንዱ ብቻ ነው፤ በሌላው ትሞታለህ፤ ወይም ሰው ይሞትብሃል።

የሚወስድ ጠያቂ የለም አልልህም። አለ፤ አይቻለሁ። ያ ደጃቸው የቆመው ሰው የጠየቀው አባትየውን ለመውሰድ ነው፤ ሽማግሌው የጠየቁት ምትኩን ለማትረፍ ነው። ሁለቱም ደብተር ይዘዋል፤ ሁለቱም ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ሰውዬው መለየት አልቻለም። እንዲለይ ያስተማረው አልነበረም።

አንተን ግን እኔ አስተምሬሃለሁ። ቅድም «ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርሳቸው በዚችው መኪና ነው?» ስልህ ስቀህ ወሬ ቀየርህ። ያ ሰው አንተ ነህ። ሄደህ ስም ከመፈለግህ በፊት እዚህ ተቀመጥና መልስልኝ።

የሰውዬውን መጨረሻ ካልህ፣ አባትየው አልተመለሰም። ምትኩ ሞተ። እናትየው ዓመቱ ሳይሞላ ተከተለችው። ከዚያ ቤት የቀረው ሰውዬው ነው።