ለእድሩ የተሰጡ ወንበሮች

አንድ ቀን የሞጆው አቶ ወንድይራድ ዕቃቸውን ሊቀንሱ ተነሡ። ተነሡ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ያስነሣቻቸው ልጃቸው ናት። እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷ በዚያ ሰፊ ቤት ብቻቸውን ሲንጎራደዱ ስታይ ጊዜ፣ «አባዬ፣ ከእንግዲህ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ኮንዶሚኒየም ነው፣ ያለችህ አንዲት ክፍል ናት። አልጋህንና ልብስህን ይዘህ ና» አለቻቸው።

«ሌላው ዕቃስ?»

«ለሚፈልግ ሰው ስጠው።»

መስጠት የሚባለውን ነገር አቶ ወንድይራድ በስብከት ሰምተውታል፤ ሁልጊዜ ግን ከኋላቸው ለተቀመጠው ሰው የተነገረ ይመስላቸው ነበር። ቤታቸው ብርጭቆው የረገፈ ፋኖስ፣ እጀታው የወለቀ ባልዲ፣ ሞተሩ የሌለ ማራገቢያ፣ ብቻውን የቀረ የግራ ጫማ የሞላበት ነው። ሁሉም አንድ ቀን ይፈለጋል ተብሎ የተከመረ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሳሎን ወንበሮች አሉ። ከሱቅ ሲመጡ የለበሱት ላስቲክ ሳይገለጥላቸው ያረጁ ወንበሮች ናቸው። «የእንግዳ ናቸው» ይላሉ አቶ ወንድይራድ። ቤታቸው የመጣ ሰው ግን ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል እንጂ እንግዳ የሚባለው ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ አልመጣም። የመጣው ምስጥ ነው። እሱ ሳይጠራ ገባ፣ ላስቲኩን ሳያነሣ እግር እግራቸውን በላ፣ ተመልካችም አልነበረውም።

መጀመሪያ ቁራሌው ተጠራ። ወንበሮቹን ዞሮ ዞሮ አየና አንዱን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ የተጣበቀበትን ዱቄት እፍ አለው።

«አባባ፣ እኔ የምወስደው አሮጌ ዕቃ ነው። ይሄ እሱንም አልፏል» ብሎ ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃዋል። አቶ ወንድይራድ ግን መጣል አይሆንላቸውም፣ ይዞ መሄድም አልተቻለም። ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው በመጨረሻ የታያቸው የእድሩ ዕቃ ቤት ነው።

ዕቃ ቤቱ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ለለቅሶ የሚተከለው ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ብረት ድስቶቹ እዚያ ተጣበው ያድራሉ። ጠባቂዋ ትብለጥ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ንግግር የማታበዛ፣ ድንኳኑን ከየለቅሶው መልስ ፀሐይ አስነክታ እንደ ነጠላዋ አጥፋ የምታስቀምጥ ሴት ናት። እርጥብ ሸራ ታጥፎ ከዋለ እንደሚበሰብስ፣ ከበሰበሰ ደግሞ እድርተኛው ሌላ የሚገዛበት አቅም እንደሌለው ታውቃለች።

በሐምሌ አጋማሽ ነው። ትብለጥ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ዕቃ የተጫነ ጋሪ ቆሟል። በሩ ተከፍቷል። ድንኳኗ ውጭ፣ ጭቃው ጥግ ተዘርግታለች፤ አግዳሚዎቹ አጥር ተደግፈዋል። ሰማዩ ጠቁሮ ቁልቁል ወርዷል። ትርፉ ቁልፍ ያለው በእድሩ ዳኛ በጋሽ በላይነህ እጅ ነው፤ እሳቸውም ቁልፉን በጣታቸው እያዞሩ ቆመዋል።

«ምን ሆነን ነው ጋሽ በላይነህ? ማን ሞተ?» አለች።

ጋሽ በላይነህ ዐይኗን ማየት ፈሩ። «ኧረ ማንም አልሞተ። አቶ ወንድይራድ ለእድራችን ስጦታ አምጥተው ነው። ቦታው ስለጠበበ ድንኳኑን ለጊዜው እዚህ ጥግ…»

«በሐምሌ?»

«ሸራ አይደለም እንዴ?» አሉ አቶ ወንድይራድ ከጋሪው ጎን ሆነው። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። «ዝናብ ሊያርፍበት የተሠራ ነገር ነው። አንቺ ትብለጥ፣ የማታውቂውን አትናገሪ።»

አቶ ወንድይራድ ጡረታ እስኪወጡ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ዳኛ ሆነው አያውቁም፤ «እከስሃለሁ» የሚለው ቃል ግን ከአፋቸው አይጠፋም። ጋሽ በላይነህ ልባቸው መልካም ቢሆንም ክስ የሚባል ነገር ሲሰሙ የተባሉትን ሁሉ ያደርጋሉ። ለዚህ ነው ቁልፉን ይዘው የመጡት።

«ስጦታው ግን ቅድመ ሁኔታ አለው» አሉ አቶ ወንድይራድ። «አንደኛ፣ አይሸጥም፣ አይጣልም። ሁለተኛ፣ በወሩ ስብሰባ ስሜ ተጠርቶ ይጨበጨባል። ሦስተኛ፣ ልጄ ሰፋ ያለ ቤት ካገኘች መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«ሰጥተው ይወስዱታል?» አለች ትብለጥ።

«በሕግ አነጋገር እንዲህ ያለ ስጦታ አለ። አንቺ አይገባሽም።»

ባለጋሪው ፊቱን ወደ ፈረሱ አዞረ። ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ትብለጥ ወደ ጋሪው ጠጋ ብላ ወንበሮቹን አየቻቸው። ታውቃቸዋለች። ባሏ ባረፈ ጊዜ ሰፈሩ ሌላም ለቅሶ ነበረበትና አግዳሚ አነሰ። ከገጠር በእግራቸው የመጡ ዘመዶች ቆመው ቀሩ። ጎረቤቶች ሄደው ለአንድ ቀን ቢለምኗቸው፣ አቶ ወንድይራድ በራቸውን ሳይከፍቱ፣ «የእንግዳ ወንበር ለቅሶ ላይ አይወጣም» ብለው መለሷቸው። አማቷ፣ ያቺ ወገቧ የጎበጠ አሮጊት፣ ለልጇ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያኔ ትብለጥ «እግዜር ይስጣቸው» ብቻ ብላ አለፈችው። ምን ይስጣቸው እንዳለች እሷና እግዜር ያውቃሉ።

«ጠንካሮች ናቸው?» ብላ ጠየቀች።

«ጠንካራ ትላለች እንዴ! ዋንዛ ነው እኮ። ያንቺ የልጅ ልጆች ወልደው ይቀመጡበታል። የዛሬ ጊዜ ወንበር መሰለሽ?»

«ለለቅሶም ይሆናሉ?»

«ለለቅሶ ብዬ ነዋ ያመጣሁት። ሰው በክብር ይቀመጥባቸው ብዬ። ያንቺ አግዳሚ አሁን የሰው መቀመጫ ነው? ዶሮ ነው የሚሰፍርበት። ከቀብር የመጣ ሰው ጀርባውን ደገፍ የሚያደርግበት ነገር አይፈልግም?»

«ይፈልጋል» አለች ትብለጥ።

ጋሽ በላይነህ ነገሩ በሰላም ያለቀ መስሏቸው እፎይ አሉ። «እንግዲህ እግዜር ይስጥልን አቶ ወንድይራድ። ትብለጥ፣ እጅ ስጪንና እናውርደው።»

«ቆይ ጋሽ በላይነህ። ስጦታውን ተቀብለናል። እኔም እንደ ጠባቂነቴ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ።»

«ምን ሊሆን ነው ደግሞ?» አሉ አቶ ወንድይራድ።

«እንዳሉት አይሸጡም፣ አይጣሉም። እንዲህ ያለ የክብር ወንበር ግን በየለቅሶው አናንገላታውም። የሚወጣው ለአንድ ለቅሶ ብቻ ነው፤ ለርስዎ። ቀኑን እግዜር ያርቀውና፣ ያን ዕለት የኛን የዶሮ መስፈሪያ አግዳሚ ደጅዎ አናደርሰውም። ልጅዎን፣ አማችዎን፣ ከፍርድ ቤት የሚመጡትንም ትልልቅ ሰዎች አንድ ሳናስቀር በርስዎው ወንበር እናስቀምጣቸዋለን። ድንኳኑም ያው ይኸ ነው፤ ዛሬ ጭቃ ላይ ካደረ የሚተርፈውን እንተክልልዎታለን።»

አቶ ወንድይራድ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና ዐይናቸው ወደ ጋሪው ሄደ። ፈረሱ አንድ እግሩን ሲያነሣ ጋሪው ነቅነቅ ብሎ ከወንበሮቹ ሥር ነጭ ዱቄት ተንጠባጠበ። ልጃቸው ጥቁር ለብሳ በአንዱ ላይ ስትቀመጥ፣ የፍርድ ቤቱ ሰውዬ ከነኮቱ ወደ ኋላ ሲገለበጥ፣ ለቀስተኛው ሳቁን ለማፈን ነጠላውን አፉ ውስጥ ሲከት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሳይታያቸው አልቀረም።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?» አሉ ፊታቸው ተለዋውጦ። «በሬሳዬ ላይ ልታስቂብኝ ነው? ልጄን በሰው ፊት ልታዋርጂ? እዚህ ላይ ሰው ይቀመጣል እንዴ? አታዪም፣ እግሩ በስብሷል እኮ!»

ትብለጥ ነጠላዋን አስተካከለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ታዲያ ጋሼ፣ ለኛ ሬሳ ዋንዛ የነበረውን፣ ለርስዎ ሬሳ ሲሆን ምን አበሰበሰው?»

ባለጋሪው አሁን ሳቁን አልዋጠም። ጋሽ በላይነህም ከክሱ ይልቅ የትብለጥን ዐይን ፈርተው ነው መሰል፣ ማንም ሳያዛቸው የድንኳኑን አንድ ጫፍ ያዙ። ሌላውን እሷ አነሣች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መንጣጣት ሲጀምር ድንኳኗ ቦታዋ ገብታ ነበር። አቶ ወንድይራድ ከነወንበራቸው ጋሪው ላይ ወጡና ፈረሱ ፊቱን አዞረ።

ከአጥሩ በር ሲወጡ ጋሪውን ድንጋይ ነካው፤ ከወንበሮቹ የአንዱ እግር ወልቆ ወደቀ። ትብለጥ አነሣችውና ከኋላ ተጣራች።

«ጋሼ፣ ይቺን ረስተዋታል። ኋላ እድሩ ወሰደብኝ እንዳይሉን።»

አቶ ወንድይራድ ዘወር አሉ። ምስጥ የጨረሳትን እግር አዩ፣ ትብለጥን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏትና፣ ዝናብ እንዳይነካት ካፖርታቸው ውስጥ ከተቷት።