የጭቃዋ አህያ እና የመጨረሻው ገጽ

ተረቴን ላምጣ? አምጣ በሉኝ። ቅደም ተከተሉን ላዛባው ስለምችል ግን አስቀድማችሁ ይቅር በሉኝ፤ አንዳንዱን ነገር በትክክል ማስታወሴን እጠራጠራለሁ።

በድሮ ጊዜ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አንዲት የጭቃ አህያና አንድ የጭቃ ጅብ ይኖሩ ነበር። የሠሯቸው ጋሽ መንገሻ የሚባሉ ፊልም ሠሪ ናቸው። አህያዋን በጣታቸው ገፋ ያደርጋሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ጅቡን ገፋ ያደርጋሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲታዩ ሁለቱ የሚራመዱ ይመስላሉ። እያንዳንዱን እርምጃ አስቀድመው በደብተር ጽፈውታል።

አንድ ቀን ነፋስ ደብተሩን ገለጠውና አህያዋ የመጨረሻውን ገጽ አነበበች። «ጅብ አህያን ይበላል። የአህያዋ ጭቃ ተቦክቶ የጅቡ ሆድ ይሆናል» ይላል።

ጋሽ መንገሻ ለምሳ ሲወጡ አህያዋ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ጋሽ መንገሻ ተመለሱ፣ ደብተራቸውን አዩ፣ በማስመሪያ ለኩ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ፊት መለሷት።

በማግስቱ ለምሳ ሲወጡ ከላይ የተንጠለጠለችውን አምፖል ለመነቻት።

«እትዬ አምፖል፣ የጅቡን ጥርስ አቅልጪልኝ።»

«ብትለምኚኝም ባትለምኚኝም መጋሌ አይቀርም» አለች አምፖል።

ከሰም የተሠሩት የጅቡ ጥርሶች እንደ ቅቤ ቀለጡ። ጋሽ መንገሻ ተመለሱ፣ ደብተራቸውን አዩ፣ ከክብሪት እንጨት አዲስ ጥርስ ጠርበው ተከሉለት። ከበፊቱ የሾለ።

«ሌላ የምታዢኝ አለ?» አለች አምፖል።

በሦስተኛው ቀን የቀረው ያ ገጽ ብቻ ነበር። ጋሽ መንገሻ ለምሳ ወጡ። አህያዋ መላው ሲጠፋት ወደ ጅቡ ዞረች።

«አያ ጅቦ፣ መቼም ልትበላኝ ነው። ለመሆኑ ርቦሃል?»

«ምን ይርበኛል፤ ሆዴ ድፍን ጭቃ ነው። ሦስት ቀን አፌን ከፍቼ መንጋጋዬ ሊላቀቅ ነው። ደግሞ አንቺን ከበላሁ ከማን ጋር ላወራ ነው? ከአምፖል ጋር?»

«ሰምቼሃለሁ» አለች አምፖል።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለች አህያዋ።

«መች ጠየቅሽኝ? አንዴ ትሸሻለሽ፣ አንዴ ጥርሴን ታስቀልጫለሽ። ይልቅ ገጹን ተሳስተሽ አንብበሽው እንዳይሆን። ጀርባዬ ላይ ውጪና ከላይ ሆነሽ ደግመሽ እዪው።»

ወጣች። አራት ኮቴዋን ጀርባው ላይ ተክላ፣ ጆሮዋን አቁማ አነበበች። ያው ነው፤ «ይበላል» ይላል። ለመውረድ ስትል በሩ ተከፈተ።

ጋሽ መንገሻ ጠረጴዛውን አዩ። ደብተራቸውን አዩ። ማስመሪያውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። ሰው የሚያስቅ ፊልም ሲሠሩ እሳቸው አንድም ቀን ስቀው አያውቁም ነበር። ያን ቀን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ሰርዘው «ጅብ አህያን አዝሎ ወንዝ ያሻግራል» ብለው ጻፉ።

እንግዲህ ሰሚዎቼ፣ የምትፈሩትን ከመሸሻችሁም ጥርሱን ከማቅለጣችሁም በፊት አንዴ አናግሩት፤ እሱም ደክሞት ይሆናል።

እኔ ግን ስላላመንኩት ቆይቼ ጋሽ መንገሻ ዘንድ ሄጄ አየሁ። ጅቡ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ከአህያዋ ጎን አፉን ዘግቶ ቆሟል። ጀርባው ላይ አራት የኮቴ ምልክት አለ። ቆጥሬዋለሁ፤ አራት ነው።