ዓይን ተጨፍኖ የሚዳሰስ ገመድ

ሰው አፍንጫው ሥር ያለውን ነገር ሳያስተውል ቀርቶ ጉድ ሲፈላ፣ ሽማግሌዎች የሚወረውሯት አጭር ተረት አለች። ተረቷን የማያውቅ የለም፤ የወጣችበትን ገደል የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ገዳሙ የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። የነገሩኝ ሰዎችም አይስማሙም፤ አንዱ ወደ ሰሜን ሲጠቁም ሌላው ወደ ምሥራቅ ይጠቁማል። በገመዱ ነገር ግን ሁሉም አንድ ናቸው።

ገዳሙ ዙሪያውን ገደል በሆነ አምባ ላይ ነበር። መውጫው አንድ ገመድ ነው፤ ከበሬ ቆዳ የተገመደ፣ ቅቤ የጠጣ ወፍራም ጠፍር። እንግዳ ሲመጣ ጫፉን ይሰዱለታል፤ ወገቡ ላይ ያስራል፤ መነኮሳቱ ከላይ ይስቡታል። ገመዱን እንዲጠብቅ የታዘዘው ቀጸላ ነበር፤ አባ ዘወንጌል የሚባሉ አረጋዊ መነኩሴን እያገለገለ የሚማር ረድእ።

ቀጸላ ዳዊቱን በቃሉ ይወጣዋል፤ ድምፁም ያማረ ነው። ሲያዙት «እሺ አባቴ» ለማለት የሚቀድመው የለም። ችግሩ እሺታው ከአፉ አልፎ ወደ ውስጥ አለመዝለቁ ነበር። አባ ዘወንጌል ገመዱን ሲያስረክቡት፣

«በየማለዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅህ ዳስሰው» አሉት። «ስትዳስስም ዓይንህን ጨፍን።»

«ስለ ምን እጨፍናለሁ አባቴ? ባየው አይሻልም?»

«ጨፍን ነው ያልኩህ።»

«እሺ አባቴ።»

ጥቂት ቀን ዳሰሰ። ከዚያ ሰለቸው። ዓይን ያለው ሰው እንደ ዕውር ገመድ ሲዳብስ መታየቱ አሳፈረው፤ እንዲያውም ሽማግሌው የራሳቸው ዓይን ስለደከመ የሌላው እንዲጨፈን የፈለጉ መሰለው። ገመዱን ቅቤ ይቀባዋል፤ አንዴ ከላይ እስከ ታች ይመለከተዋል፤ ወደ ንባቡ ይሄዳል። «ዳሰስከው?» ሲሉት «አዎ አባቴ» ይላል። ማየት ከመዳሰስ ይበልጣል ብሎ ነበርና፣ ዋሸሁ እንኳ አላለም።

በዚህ መካከል የሚመነኩስበት ቀን ተቆረጠ። አባቱ ደምሌ ልጁ ቆብ ሲደፋ ለማየት ከሩቅ አገር መጣ። ቀጸላ በደስታ ገመዱን ራሱ ሰደደለት። መነኮሳቱ ከኋላ ሊስቡ ተሰለፉ፤ እሱ አፋፉ ላይ ተንበርክኮ ገመዱ ድንጋዩ ላይ እንዳይፋቅ በእጁ ይመራ ጀመር። ደምሌ በገደሉ ስንጥቅ እግሩን እየተከለ ወጣ። ቀና ብሎ ልጁን ሲያይ ፈገግ አለ።

በዚህ ጊዜ የቀጸላ መዳፍ ደነገጠ። ጠንካራው ገመድ አንድ ቦታ ላይ እንደ በሰበሰ ዱባ ለሰለሰበት። ጎንበስ ብሎ ቢያይ ላዩ በቅቤ ያብረቀርቃል። ውስጡን ግን ብል ጨርሶታል።

ቢናገር በየማለዳው «አዎ» ያለው ሁሉ ሊገለጥ፣ ቆቡም ሊቀር ነው። «ትንሽ ነው የቀረው፤ ይችል ይሆናል» አለ በልቡ። ያን ጊዜ ገመዱ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

«አትሳቡ» አለ ቀጸላ። «አባ ዘወንጌል፣ ይፍቱኝ። እዚህ ጋ ውስጡ ባዶ ነው። መዳሰሱን ትቼው ነበር።»

አባ ዘወንጌል የሚቆጡበት ጊዜ አልነበራቸውም። ወደ አፋፉ ቀረቡ።

«ዓይንህን ጨፍንና ዳስስ። የላላው የት ላይ ያበቃል?»

ጨፈነ። እጁን ወደ ታች ሰደደ። «እዚህ። ከድንጋዩ በታች።»

«በደረትህ ተኛና ከዚያ በታች ያዝ። እንዳትስብ፤ መያዝ ብቻ።»

ሁለት መነኮሳት እግሩን ያዙለት። ሌሎቹ የወገባቸውን የቆዳ መታጠቂያ ፈትተው እርስ በርስ ማያያዝ ጀመሩ። ደምሌ ከታች፣ «ምነው ቆማችሁ?» አለ።

«አይዞዎት አባዬ፤ እግርዎን ይትከሉ፤ እንዳይንቀሳቀሱ።»

አባ ዘወንጌል አጠገቡ ተኝተው መታጠቂያውን ከልጁ እጅ በታች ያስሩ ጀመር። ሳይጨርሱ ገመዱ ተበጠሰ። የአባቱ ክብደት በቀጸላ ጣቶች ላይ አረፈ፤ ድንጋዩ ቆዳውን ላጠው። አጥንቱ ሁሉ ሳብ ሳብ አለው።

«አትሳብ» አሉ ሽማግሌው። «ቋጠሮው ገና ነው።»

አልሳበም። ለምን ብሎም አልጠየቀም።

«አሁን ልቀቅ።»

ከመያዙ ይልቅ ይሄኛው ከበደው። እጆቹ ብቻ ነበሩ በአባቱና በሞት መካከል ያሉት፤ እሱ እንደሚያውቀው። «እሺ አባቴ» አለ ቀስ ብሎ፤ ጣቶቹንም ከፈተ። መታጠቂያዎቹ ተወጠሩ፤ ቋጠሮው ጠበቀ፤ መነኮሳቱም ደምሌን ስበው አወጡት።

ደምሌ መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪተነፍስ ቆየ። ከዚያ የተበጠሰውን ጫፍ አነሣ፤ ከውስጡ ዱቄት ረገፈ። የልጁን የደሙ እጆች ተመለከተ።

«የገመዱ ጠባቂ አንተ አይደለህም ወይ? ይህን ሁሉ ጊዜ አላየኸውም?»

«በየቀኑ አየው ነበር አባዬ» አለ ቀጸላ።

ደምሌ ግራ ገብቶት ወደ ሽማግሌው ዞረ። አባ ዘወንጌል የተበጠሰውን ገመድ ከእጁ ተቀብለው ለቀጸላ ሰጡት፤ ቆቡ ለጊዜው እንደሚቆይ ሁሉም በዚያ ገባቸው።

«ልጅህ አልዋሸህም፤ በእርግጥ አይቶታል» አሉት ለደምሌ። «ግን ምን ይሆናል፤ ልብ ካላየ ዓይን አያይም።»