ስሙ ያልታወቀው ውሻና የጋሽ ድንበሩ ግራ ጫማ

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ። ዛሬ የተጋደመው ላም ሳይሆን ላም የሚያክል ውሻ ነው።

ውሻው ማስቲፍ የሚሉት ዘር ነው። ጭንቅላቱ የድግስ ድስት ያህላል፣ ለሃጩ ይንጠባጠባል፣ ሲያንኮራፋ የግቢው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ጠባዩ ግን የበግ ነው። ባለቤቱ ኢንጂነር ናሆም አንድ ቀን ለመስክ ሥራ ሲወጣ ለዘበኛው ለአስናቀው አደራ ሰጠው። «ከበላ በኋላ አንድ ሰዓት ይረፍ፤ ከሮጠ ሆዱ ይጠማዘዛል። የሚተኛበትም ለስላሳ ይሁን፣ መገጣጠሚያው እንዳይታመም» አለ። መኪናው ሲንቀሳቀስ አስናቀው፣ «ስሙስ ማን ነው?» ብሎ ጮኸ። ኢንጂነሩም በመስኮት «ቆይ!» አለው። አስናቀው ቆየ። መኪናው ሄደ። ምስኪን አስናቀው እስኪመሽ ቆየ፤ ስሙን የሚነግረው ግን አልመጣም።

በማግስቱ ጠዋት በዚያው ግቢ የሚከራዩት ጋሽ ድንበሩ ያላቸውን አንድ ጥንድ ጥቁር ጫማ ቀለም ቀብተው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ለእህታቸው ልጅ ሚስት ሊለምኑ ሽማግሌ ሆነው መሄዳቸው ነው። የልጅቷ አባት «አራት ሰዓት ካለፈ በሬን እዘጋለሁ፤ ቀጠሮ የማያከብር ቤተሰብ ልጄን አያገኝም» ብለዋል። ጋሽ ድንበሩም ቢሆኑ መከበር ይወዳሉ፤ «አንተ» ያላቸውን ሰው ወር ሙሉ ያኮርፋሉ። ታዲያ ሦስት ተኩል ላይ ብቅ ቢሉ፣ ውሻው ለስላሳ ነገር ሲያስስ ግራ ጫማቸውን አግኝቶ ተኝቶበታል።

«ተነስ እንጂ፣ ማነህ!» አሉት። ውሻው አንድ ዓይኑን ከፍቶ ዘጋ።

ወደ ዘበኛው ሄዱ። «አሁን መብላቱ ነው፣ ጋሼ። ያለ ሐኪም ቃል አላስነሳውም። ትንሽ ይቆዩ» አለ አስናቀው። ውሻው አንድ ጆሮውን ቀጥ አደረገና መልሶ ጣለው።

ውሻው ከጫማው አልነሳ አለ፣ ዘበኛው ውሻውን አላስነሳ አለ፤ ጋሽ ድንበሩ በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ አጥር ለአጥር ወደምትጎራበታቸው የእንስሳት ሐኪም፣ ወደ ዶክተር ምንትዋብ ሄዱ።

«ስንት ኪሎ ነው? ክብደቱን ሳላውቅ ቃል አልሰጥም» አለች ዶክተሯ።

«ልጄ፣ ሊመዘን ከተነሳማ ጫማዬን አገኘሁ እኮ!»

«ልክ ነዎት። እንግዲያው ሚዛኑ ወደ እሱ ይምጣ። እስከዚያ ይቆዩ፣ አባቴ።» ከአጥሩ ወዲያ የውሻው ጆሮ ቀጥ አለ፤ መልሶም ወደቀ።

ውሻው ከጫማው አልነሳ አለ፣ ዘበኛው ውሻውን አላስነሳ አለ፣ ሐኪሟ ቃል አልሰጥ አለች፤ ጋሽ ድንበሩ በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ከግቢው በስተጀርባ ወዳለው ወፍጮ ቤት ሄዱ።

«ሚዛኑን በወሰዱልኝ» አለ ባለ ወፍጮው ሸምሱ። «ግን የእትዬ እታለማሁ ጆንያ ተጭኖበታል። ‘ኪሎው ጎድሏል፣ እንደገና ካልተመዘነ አልነሳም’ ብለው ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ እሳቸውን አልደፍርም። ይቆዩ፣ ጋሼ።» ያ ጆሮ ደግሞ ተነስቶ ወደቀ።

ውሻው ከጫማው አልነሳ አለ፣ ዘበኛው ውሻውን አላስነሳ አለ፣ ሐኪሟ ቃል አልሰጥ አለች፣ ባለ ወፍጮው ሚዛን አልሰጥ አለ፤ ጋሽ ድንበሩ በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ጆንያው ላይ ወደተቀመጠችው ታላቅ እህታቸው ሄዱ። የሙሽራው እናት እሷው ናት።

«እትዬ፣ በፈጠረሽ! ጆንያሽን አንሺ፣ ሸምሱ ሚዛን ይስጠኝ፣ ሐኪሟ ቃል ትስጠኝ፣ ዘበኛው ውሻውን ያስነሳልኝ፣ ውሻው ከጫማዬ ይነሳልኝ፣ ለልጅሽ ሚስት ልለምንለት! አራት ሰዓት ሊሞላ ነው!»

እታለማሁ ካልሲውን አየች። አገር ሁሉ አንቱ ቢላቸው እሷ አዝላ ያሳደገቻቸው ናት።

«ቆይ!» አለች ከወፍጮው ጩኸት በላይ። «አንተ ድንቡሼ፣ ቆይ! ልጄን በካልሲ ልትድርልኝ ነው? ቆይ ብያለሁ!»

ከአጥሩ ወዲያ ሁለቱም ጆሮዎች ቆሙ። ውሻው ተነሳ። ሳይሮጥ፣ እንደ ትልቅ ሰው እየተራመደ በበሩ ወጣ፣ ወፍጮ ቤት ገባ፣ እታለማሁ ፊት ቆመ። ይህ ዘር የወደደውን ሰው መደገፍ ይወዳል፤ ተደገፋት። እሷም ከነጆንያዋ ከሚዛኑ ወረደች፣ ውሻውም በቦታዋ ቁጭ አለ።

ከዚያማ ምን ይቀራል! እህት ጆንያውን አነሳች፣ ባለ ወፍጮው ሚዛኑን ሰጠ፣ ሐኪሟ ጩኸቱን ሰምታ መጥታ «ሰማንያ ሁለት ኪሎ! ካልሮጠ መነሳት ይችላል» ብላ ቃል ሰጠች፣ ዘበኛው ለሃጭ የሚያንጠባጥበውን ጫማ አንጠልጥሎ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ውሻው እንዲነሳ ተፈቅዷል!» አለ እያለከለከ። «ግን ማን ብላችሁ ጠራችሁት?»

«ቆይ!» አለችው እታለማሁ፣ ጫማውን በነጠላዋ ጫፍ ልታደርቅ ተቀብላው። ውሻው ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ ጣለ። አስናቀው ግንባሩን መታ፤ ለካ ኢንጂነሩ በመስኮት የነገረው ስሙን ኖሯል።

ጋሽ ድንበሩ ለአራት ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ ጫማቸው ጭቅ ጭቅ እያለ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ደረሱ።

«ምነው ጫማዎ ረጠበ?» አሉ የልጅቷ አባት።

«ስንነሳ አንድ ትልቅ መረቀን» አሉ ጋሽ ድንበሩ። «እንትፍ እንትፍ አበዛው።»

የተመረቀ ሽማግሌ እንዴት ይመለሳል? ልጅቷ ተሰጠች። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ድንበሩ ሲቸኩሉ፣ አንቱ የሚላቸውን ሁሉ ትተው በቀጥታ ወደ እህታቸው ነው የሚሄዱት።

ተረቴን መልሱ፤ ጫማውን ግን ሳታደርቁ እንዳትመልሱ።