ለበሽታው የሚጻፍ ደብዳቤ

ከወንዝ ማዶ ባለች አንዲት አውራጃ ወረርሽኝ ገባና ገበያው ተበተነ፤ ግብር የሚከፍልም ጠፋ። የአውራጃው ጎተራ ሲራቆት በሽተኛ የሚያስታምሙትና መንገዱን ዘግተው የሚጠብቁት ሰዎች ቀለብ አጡ። አገሬው ተማክሮ ምላሷ የሰላ አንዲት ጠላ ሻጭ ከንጉሡ ጎተራ እህል እንድትለምን ላከ። ገዛ እህቷ ከታመሙት አንዷ ነበረችና፣ ሴትዮዋ መንገድ ላይ አላረፈችም።

ንጉሡ ፊት ቀርባ ልመናዋን ስታሰማ የጎተራው ሹም በጅሮንድ ጓንጉል ቱግ አሉ።

«እያንዳንዱ አውራጃ የራሱን ቁስል ራሱ ያክም! ዛሬ ለእናንተ ብንሰጥ፣ ነገ ሁሉም የራሱን ጎተራ አራግፎ በልቶ የእኛን ደጅ ያንኳኳል። በሽታው የእናንተ፣ እህሉ የእኛ ነው። የለም፣ በሽታው የእኛም ነው ካልሽ አስረጂ፤ ካቃተሽ ሃምሳ ጅራፍ ትቀምሻለሽ!»

ሴትዮዋ በሆዷ እህቷን እያሰበች ፊቷን ግን ፈገግ አድርጋ እጅ ነሣች።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ፤ እህሉም ይቅር። ብቻ ‹ይህ በሽታ የወዲያ ማዶ ስለሆነ ወንዙን እንዳይሻገር› ብለው ይጻፉና ማኅተምዎን ያሳርፉልኝ። መንገድ ጠባቂዎቹ በራብ የተበተኑ ዕለት ለበሽታው አነብለታለሁ።»

በጅሮንዱ ከት ብለው ሳቁ። «አሻፈረኝ ቢልሽስ?»

«ለእሱስ አያስቡ ጌታዬ፤ መልሱን ራሱ ይዞልዎት ይመጣል።»

በጅሮንዱ ሳያስቡት አፍንጫቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። ንጉሡም ይህን አይተው ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሳይጨርሱም የጎተራው ቁልፍ እንዲመጣ አዘዙ።