የአያ ጅቦ ስድስት ጠጠሮች

አንድ ጊዜ፣ ጅብም ባለአክሲዮን በነበረበት ዘመን፣ የአንድ ቆላ እንስሳት በየበጋው ውሃ ጥም ሲፈጃቸው ጊዜ የጋራ ኩሬ ሊቆፍሩ ተስማሙ። ዳኛቸው አንበሳ ነበር።

«አሥር ቀን የቆፈረ አንድ ጠጠር ይወስዳል» አለ። «አክሲዮኑ እሱ ነው። አንድ ጠጠር በበጋ ለአንድ ወር ውሃ ያጠጣል፤ ጠጠር የሌለው ኩሬው ጋ ድርሽ አይልም። ደግሞም በዚህ ቆላ ማንም ማንንም አይበላም።» ይህን የመጨረሻውን ሲል ዓይኑ አያ ጅቦ ላይ ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ ጅብ በቁፋሮ የሚስተካከለው አልተገኘም። ስልሳ ቀን ቆፍሮ ስድስት ጠጠር አገኘ። በጋው ስድስት ወር ነውና አንድም ቀን አይጠማም ማለት ነው። እመት አህያም እንዲሁ ስድስት አገኘች። ቀበሮ ግን ወገቤን ብሎ አንድም ቀን አልቆፈረም።

ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ግን ዘገየ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ቀበሮ ወደ ጅብ ጠጋ አለ።

«አያ ጅቦ፣ ማን ነገረህ እንዳትለኝ እንጂ ኩሬው ከሥሩ ተሰንጥቋል አሉ።»

የጅብ ጆሮ ቀጥ አለ። «ታዲያ ጠጠሮቼ ምን ሊሆኑ ነው?»

«ምን ይሆናሉ፣ ጠጠር ናቸዋ። ወዳጄ ስለሆንክ ግን ስድስቱንም በአንድ አጥንት እወስድልሃለሁ።»

ጅብ ጠጠሮቹን ወርውሮለት አጥንቱን ላፍ አደረገ። አጥንቱ ቀድሞ የተጋጠ ነበር። ከዚያ እየሮጠ አህያ ዘንድ ደረሰ።

«ኩሬው ተሰንጥቋል አሉ፤ አንቺም ቶሎ ሽጪ።»

«እኔ ስደነግጥ አልሸጥም፣ ስጎመጅም አልገዛም» አለች አህያ ሣሯን እያኘከች። «መጀመሪያ ሦስት ቀን እተኛበታለሁ። ከዚያ ሄጄ ኩሬውን በዓይኔ አያለሁ።»

«ምን ይደረግ፣ አህያ ነሽ» ብሏት ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ሄዳ አየች። ስንጥቅ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ወረደና ኩሬው ጢም ብሎ ሞላ። ገበያው ሁሉ ጠጠር ጠጠር አለ። ጅብ እንቅልፍ አጣ። ለክፉ ቀን የቀበረውን አጥንት ሁሉ አውጥቶ ከቀበሮ ላይ የገዛ ጠጠሩን፣ ያውም አንዷን ብቻ፣ መልሶ ገዛ። በሳምንቱ ቀበሮ «ውሃው ሸቷል አሉ» ሲለው እሷንም በግማሽ አጥንት ሸጣት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኛ ጅብ ግን የሚለቅመው እንኳ አልተረፈውም።

ጥር መጣ፤ ምንጩ ሁሉ ደረቀ። ጅብ ምላሱን አንጠልጥሎ ኩሬው በር ላይ ቆመ።

«ጠጠር?» አለው አንበሳ።

ጅብ መሬት መሬቱን አየ። በገዛ እጁ የቆፈረው ኩሬ እፊቱ ነው፤ ቀበሮ ደግሞ ውስጥ ገብቶ፣ ወገቡም ድኖለት፣ እየጠጣ ነው። ጅብ አለቀሰ። አህያ ከንፈሯ እየተንጠባጠበ ስትወጣ አያት።

«እመት አህያ፣ እባክሽ ብልሃቱን ንገሪኝ።»

«ብልሃቱንማ ያኔ አንተው ነግረኸኛል፣ አያ ጅቦ። አህያ መሆን ነው።»

አንበሳ ሆዱ ራራ። ጥሙን የምትቆርጥ ያህል እየተጎነጨ፣ የኩሬውን ደለል አሥር ቀን ጠርጎ አንድ ጠጠር እንዲያገኝ ፈቀደለት። ጠጠሩን በተቀበለ ማግስት ቀበሮ ከተፍ አለ።

«አያ ጅቦ፣ ማን ነገረህ እንዳትለኝ እንጂ...»

የጅብ ጆሮ ቀጥ አለ። ግን ጠጠሩን ከሆዱ ሥር ከተተና ተኛበት።

«ሦስት ቀን ቆይተህ ና» አለው።

በሦስቱ ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ብድግ ብሎ ነበር አሉ። አራቱንም ጊዜ ተመልሶ ተኝቷል።

ከዚህ የምንማረው፣ ገበያው ሲያስደነግጠውም ሲያስጎመጀውም እግሩን ማሳረፍ ያልቻለ፣ በገዛ እጁ የቆፈረውን ውሃ ሌላው እንደሚጠጣበት ነው።