ንቦቹ ቤት ሲለውጡ

ተረት ተረት፤ የንቦች ቤት።

የንቦቹ ንግሥት የምትኖርበትን አሮጌ የግንድ ቀፎ ምስጥ ስለበላው ወደ አዲሱ የሳጥን ቀፎ መግባት ግድ ሆነባት። “ማን ያሻግረን?” ብላ ጠየቀች።

መጥረቢያ እየተንጎራደደ መጣና፣ “በአንድ ምት ፈልጬ እገላግልዎታለሁ!” አላት።

ጭስም፣ “እኔ ሳይውል ሳያድር ጠራርጌ አስወጣችኋለሁ!” አለ።

ላባ ግን ግንዱን ዳበስ አድርጋ፣ “እመቤቴ፣ ሕፃናቱ የተኙት በየትኛው የማር እንጀራ ላይ ነው?” አለች።

ንግሥቲቱ እፎይ ብላ፣ “ነይ ላሳይሽ” አለቻት።

“እሷ እስክትጨርስማ ክረምት ይገባል!” ሲል መጥረቢያ ሣቀ።

ላባም ቀስ እያለች ሁሉንም ከነልጆቻቸው አሻገረች። አበባው ሲፈነዳ አዲሱ ቀፎ በማር ሞላ። ያኔ ንግሥቲቱ ባዶውን ግንድ ዞር ብላ አየችና መጥረቢያን ጠራችው፤

“ና እንግዲህ፤ አሁን እንዳሻህ ፍለጠው።”

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን በማር አብሱልኝ።